ዳና የገዛቸው ጎማዎች

ከአዲስ አበባ ለቅቄ ቡራዩ ውስጥ ቤት መፈለግ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ደላላ ወደ አንድ ግቢ መራኝ። በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ ከአንዲት አሮጌ ፒክአፕ ሥር ሁለት እግር ተዘርግቶ አየሁና "ወንድሜ፣ የሚከራይ ክፍል አለ ተብዬ ነበር" አልኩ። ከመኪናዋ ሥር የሴት ሳቅ ተሰማ።

"ወንድምሽ ሥራ ሄዷል። ቁልፉ ግን እኔ ኪስ ውስጥ ነው፤ ትንሽ ታገሺኝ" የሚል ድምፅ መጣ። የድምፁ ባለቤት ተንፏቃ ወጣች። እጇ በግራሶ ተለውሶ ስለነበር ክንዷን ዘረጋችልኝ፤ ክንዷን ጨበጥኩ። ከድንቅቱ ጋር የተዋወቅነው እንዲህ ነው። ክፍሉን በዚያው ቀን ተከራየሁ።

ድንቅቱ የሱሉልታ ልጅ ናት፤ አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ድምፅዋ ጎላ ያለ፣ ስትስቅ ትከሻዋ አብሮ የሚነቃነቅ ሴት። በወጣትነቷ ወተት ወደ አዲስ አበባ በሚያመላልስ መኪና ላይ ረዳት ነበረች። ሹፌሩ ወገባቸውን ሲያማቸው ሜዳው ላይ መሪውን ይለቁላት ጀመር። አንድ ቀን መንጃ ፈቃድ አውጥታ መጣችና ፊታቸው ዘረጋችው። ሰውየውም አገላብጠው አይተው "በቃ፣ አንቺ ንጂ፣ እኔ ረዳት ልሁን" ብለው ቦታ ተቀያየሩ።

ባሏን ዳናንም ያገኘችው በዚያችው የወተት መኪና ነው። ዳና ከወላይታ መጥቶ ሰበታ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቀጠረ ሰሞን ፍራሽ ተሸክሞ ዝናብ እየመታው መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። እሷ መኪናዋን ለጥገና ወደ ዓለም ገና እየወሰደች ነበርና ጫነችው። "ፍራሹን አወረድነው፤ ሰውየው ግን እስከዛሬ አልወረደም" እያለች ታወራለች። ዳና ይህን ወሬ ስንቴ እንደሰማው እንጃ፤ ሁልጊዜ ግን ገና አሁን እንደሰማ ሰው አንገቱን ይደፋል።

ሁለቱ ዕቁብ እየጣሉ መጀመሪያ ፒክአፗን፣ ቀጥሎ የእህል መውቂያ ማሽን ገዙ። ማሽኑ በሁለት ጎማ የቆመ፣ ከመኪና ኋላ ታስሮ የሚጎተት ከባድ ብረት ነው። አዝመራ ሲደርስ ድንቅቱ እሱን እየጎተተች ከሱሉልታ እስከ ሰበታ ከማሳ ማሳ ትዞራለች። ዳናም የዓመት ፈቃዱን ለዚያ ሰሞን ያስቀምጣል። እሷ ትነዳለች፣ እሱ ነዶውን ለማሽኑ ያጎርሳል። የፋብሪካ ጓደኞቹ ፈቃዳቸውን ጨርሰው ወፍረው ሲመለሱ እሱ ፀሐይ አጥቁሮት፣ ጆሮው ውስጥ ገለባ ይዞ ይመለሳል፤ ከሁሉም ግን ደስተኛው እሱ ነው።

አምና እህሉ ማሳ ላይ እንዳለ ያለወቅቱ ዝናብ ጣለ። የሱሉልታ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፤ ውሃ ሲነካው እንደ ሊጥ ይይዛል። ፒክአፗ ከነማሽኑ መሃል ማሳ ላይ ሰጠመች። ዳና ከኋላ ሲገፋ አንድ እግር ቦቲው ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ ቢፈልግ አጣው። በመጨረሻ ገበሬዎቹ በሬ ጠምደው ጎትተው አወጧቸው። ድንቅቱ ስቃ አለፈችው። ዳና ግን ነገሩን በልቡ ያዘው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ መኪና ሲያልፍ እሱ የሚያየው ጎማውን ብቻ ሆነ።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ዳና በፈረስ ጋሪ አራት ጎማ ጭኖ ከግቢው በር ላይ ቆመ። ጎማዎቹ ከነቸርኬያቸው ናቸው፤ ከፒክአፗ ጎማ በቁመትም በወርድም የሚበልጡ፣ ጥርሳቸው የሰው መዳፍ የሚያክል። ፋብሪካው አሮጌ ንብረቱን ሲሸጥ ከአንዲት የቆመች የመስክ መኪና ላይ የተነቀሉ ናቸው። ዳና አውርዶ ግድግዳው ሥር ደረደራቸውና በሳሙና ያጥባቸው ጀመር። እኔ ልብስ እያጠብኩ ስለነበር ኦሞዬን ተበደረኝ። ታጥበው ሲያበቁ ቤት ገብቶ ድንቅቱን ዓይኗን በእጁ ሸፍኖ አወጣት።

ድንቅቱ አየቻቸው፣ ዞረቻቸው፣ አንዱን በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችው።

"ዳኔ፣ ይሄ የትራክተር ነው የመኪና?"

"የመኪና ነው። ዘንድሮ በሬ ለምነን አንወጣም" አላት።

እዚያው ገጠሙት። ፒክአፗ ከፍ ብላ ስትቆም ደረቷን የነፋች ትመስል ነበር። መሪው ተጠምዝዞ ሲያልቅ የፊት ጎማው ጭቃ መከላከያ ብረቱን፣ ፓራፋንጎውን፣ ይነካ ስለነበር ዳና የብረቱን ጫፍ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ወደ ውስጥ አጠፈው። ራቱን እየበላ እንኳ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነስቶ በመስኮት አያት።

ኅዳር ላይ የመጀመሪያው ሥራ ተገኘ። የዳና ፈቃድ ገና ስላልደረሰ ድንቅቱ ማሽኑን ከኋላ አስራ ብቻዋን ወደ ሱሉልታ ተነሳች። ባዶዋን ሰፈር ውስጥ ስትነዳት ትንሽ ከበድ ከማለቷ በቀር ምንም አላሳየቻትም ነበር። ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ የሚወጣው ዳገት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። አምና በሁለተኛ ማርሽ የምትወጣውን ቦታ ዘንድሮ በአንደኛም አቃታት። ሞተሩ አቃሰተ፣ ፍሪሲዮኑ መሽተት ጀመረ፣ ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ክላክሳቸውን ለቀቁባት። ግማሽ ሳትደርስ ቆመች። አንድ ደግ የሲኖትራክ ሹፌር ወርዶ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ባያስገባላት ኖሮ ወደ ኋላ ትንሸራተት ነበር። እሱው መኪኖቹን አስቁሞላት እንደምንም ዞራ ተመለሰች።

ማታ ዳና ከሥራ ሲገባ "እንዴት ነበረች?" ብሎ የጠየቀው ገና ጫማውን ሳያወልቅ ነው።

"ደህና ናት። ገበሬው እህሉ አልደረቀም ብሎ ሌላ ቀን ነይ አለኝ" አለችው።

እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ነበር። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ እስከ እኔ ድረስ ይመጣል። ዳና ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ዞር ብላ አየችኝ።

"ጎማው ነው አይደል?" አልኳት ቀስ ብዬ።

"ጎማው ነው። ምንም እንዳትይ። በሳሙና ሲያጥባቸው አይተሽዋል።"

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ አብረን ወደ ዓለም ገና ሄድን። የመኪናዋን ነገር የምትጠይቀው ፈሀድ የሚባል መካኒክ እዚያ ጋራዥ አለው። ፈሀድ ከእሷ ያንሳል፤ በአክብሮት "አዴ" እያለ ነው የሚጠራት። የሆነውን ሁሉ ሰምቶ ፒክአፗን አንዴ ዞራትና ሳቀ።

"አዴ፣ መኪናሽ ጤነኛ ናት። ረጅም እግር ስለተገዛላት ነው። ጎማው ሲተልቅ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል። ሸክም ይዘሽ ደረጃ ስትወጪ አንድ አንዱን መርገጥ ትተሽ ሁለት ሁለቱን ብትዘይ ይኸው ነው የሚገጥምሽ። ጉልበትሽ ያው ነው፤ እርምጃሽ ነው የረዘመው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ቀላሉ የድሮውን ጎማ መመለስ ነው።"

"ቀላሉን ተወው" አለችው።

ፈሀድ እኔን አየኝ፤ እኔ ሰማዩን አየሁ። ወደ ውስጥ ገብቶ ሁለት ጥርሳም ብረት ይዞ መጣ፤ አንዱ ሰሐን የሚያክል ክብ፣ አንዷ ትንሽ። ትልቁን ኮሮና፣ ትንሿን ፒኞን ይሏቸዋል፤ የሚቀመጡት በጎማዎቹ መሃል ባለው ዲፈረንሻል ውስጥ ነው። ትንሿን በጣቱ እያዞረ ትልቁ ቀስ ብሎ ሲዞር አሳየን።

"ሞተሩ ትንሿን ያዞራል፣ ትንሿ ትልቁን፣ ትልቁ ጎማውን። ያንቺ ትንሿ አስር ጥርስ አላት፣ ትልቁ አርባ አንድ። ስለዚህ ጎማሽ አንድ ጊዜ እንዲዞር ትንሿ ከአራት ዙር ትንሽ አለፍ ማለት አለባት። ይሄን ቁጥር ከፍ ካደረግነው ጎማው ይዘገያል፣ ጉልበት ግን ያገኛል። ሁለት ምርጫ አለሽ። አንዱ አርባ አንድ ለዘጠኝ ነው፤ በዚህ ጎማ ልክ አምና እንደነበረችው ትሆንልሻለች። ብዙ ሰው የሚያስገባው እሱን ነው። ሌላው ሠላሳ ዘጠኝ ለስምንት ነው፤ እሱ ከአምናውም የበለጠ ጉልበት ይሰጥሻል፤ ግን አስፋልት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ አትሮጥም፣ ባዶሽን ስትሄጂም ናፍጣ ትጨምሪያለሽ።"

ድንቅቱ አንድ ጎማ ላይ ተቀምጣ አሰበች። መኪና የሚመርጥ ሰው እንኳ እንዲህ ሲያስብ አይቼ አላውቅም።

"አምና እንደነበረችው ትሆናለች አልከኝ። አምና እኮ ዳገቱን የምወጣው ጥርሴን ነክሼ ነበር። ጫፉ ላይ ስደርስ ውሃዋ ይፈላና ቆሜ አበርዳታለሁ። በዚያ ላይ እነዚህ ጎማዎች ራሳቸው ከባድ ናቸው" አለች። "ደግሞስ ሮጬ የት ልደርስ ነው? እኔ የምኖረው ያንን ብረት በመጎተት ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ለስምንቱን አድርግልኝ።"

ፈሀድ ትንሽ አሰበና "ልክ ነሽ፤ እኔ የሰውን ሁሉ መኪና አስቤ ነው፣ አንቺ የራስሽን" አላት። "አንድ ችግር ግን አለ። የኋላው ዲፈረንሻል አለኝ፤ የፊቱ የለኝም። ጭቃ ውስጥ የፊቱንም አስገብተሽ በአራቱም ጎማ ስትሄጂ ፊትና ኋላው እኩል ካልሆነ እርስ በርስ ይጓተቱና አንዱ ይሰበራል። ሁለቱም አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው።"

ድንቅቱ ስልኳን አውጥታ ያልደወለችበት ጋራዥ የለም። እስከ ዱከም ድረስ ጠየቀች። የለም፣ የለም፣ ተሽጧል። በመጨረሻ ትዝ ያሏት ኦቦ ነገዎ ናቸው። ኦቦ ነገዎ ሱሉልታ የሚኖሩ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ የእሷ ዓይነት ፒክአፕ ከቆመች ዓመታት ሆኗታል። በደህና ዘመኗ ከድንጋይ ካባ ድንጋይ ታመላልስ ነበርና ለጉልበት የተሠራ ዲፈረንሻል ሊኖራት እንደሚችል ፈሀድ ገመተ። እሁድ ማሽኑን ቤት ትተን ሦስታችንም ሄድን። ዳና ተረኛ ስለነበር ፋብሪካ ገብቷል።

ኦቦ ነገዎን አጥር ጥግ ፀሐይ እየሞቁ አገኘናቸው።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ" አለች ድንቅቱ ጎንበስ ብላ። ከዚያ ጨዋታው ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ቀጠለ። የመጣችበትን ስትነግራቸው ሽማግሌው በከዘራቸው ወደ መኪናዋ አመለከቱ።

"መኪናዋን ንኩ። ዶሮዎቹን ግን ራሳችሁ አስፈቅዱ" አሉ።

ፒክአፗ የዶሮ ቤት ሆናለች። ዶሮዎቹ በመስኮቷ ገብተው በመስኮቷ ይወጣሉ። አንዲት ቀይ ዶሮ የሹፌሩ ወንበር ላይ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ፈሀድ ማርሹን ነጻ ሊያደርግ እጁን ሲሰድ ነከሰችው። እንደምንም ጨርሶ ሁለቱንም የፊት ጎማ በክሪክ አነሳ፤ ወደ ፊቱ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገና እኔን በሆዴ አስተኛኝ።

"እኔና አዴ ሁለቱን ጎማ እኩል አንድ ሙሉ ዙር እናዞራለን። አንቺ ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሪ። ከአራት ትንሽ ካለፈ አሁን ያለን ዓይነት ነው። አራት ተኩል ከሆነ መካከለኛው ነው። አምስት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከቆመ ያ ነው የምንፈልገው።"

ጎማዎቹ እየተንቋቁ መዞር ጀመሩ። ጠመኔው አንዴ አለፈኝ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንዲት ጫጩት ፀጉሬ ላይ ወጣች፤ አልተነቃነቅኩም። አራት። ዘንጉ ቀጠለ፣ ግማሽ አለፈ፣ ደግሞ ትንሽ ሄደ፤ ጠመኔው ተመልሶ ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው ቆመ።

"አምስት ሊሞላ ነበር" አልኩ።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ ድንቅቱ። ደግመን አዞርነው፤ ያው ነው። ፈሀድ የተነከሰ ጣቱን እየጠባ ፈገግ አለ።

ቀጥሎ ክርክሩ መጣ። ኦቦ ነገዎ ለብረቱ ብር አልፈልግም አሉ። "ስንዴዬ ተከምሯል። መጀመሪያ እሱን ውቂልኝ፣ ከዚያ ብረቱን ውሰጂ።"

"ኦቦ፣ ብረቱን ካልወሰድኩ ማሽኑ ዳገቱን አይወጣም እኮ" አለቻቸው።

"ማሽኑ ካልወጣ ስንዴዬ አይወቃም።"

"እሱማ አይወቃም።"

"እኔም ስንዴዬ ካልተወቃ ብረቱን አልሰጥም።"

ከዚያ ሽማግሌው መሳቅ ጀመሩ፤ ከዘራቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "በሉ ንቀሉት" አሉ ዓይናቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ፣ "አለዚያ አራታችንም እዚሁ ማርጀታችን ነው። ቀይዋን ብቻ እንዳታስነሱብኝ።"

ሥራው የተሠራው በማግስቱ ዓለም ገና ነው። እኔ አልነበርኩም፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ነግረውኛል፣ ወሬያቸውም ገጥሟል። ዳና በፋብሪካው ሰርቪስ ወደ ቤት ሲመለስ በመስኮት አሻግሮ ፒክአፗን ፈሀድ ጋራዥ ውስጥ በድንጋይ ላይ ተሰቅላ ያያል። ጎማዎቹ ተነቅለው ግድግዳ ተደግፈዋል። ሰርቪሱን አስቁሞ ወርዶ ገባ። ድንቅቱ ብሎን እየጠረገች ነበር።

"ልትመልሻቸው ነው?" አላት።

"አይ። እነሱ እንዲቆዩ ነው ሆድ ዕቃዋን የማስቀይረው።"

ዳና ጎማዎቹን አየ፣ እሷን አየ። "የዚያን ቀን ከዳገቱ ነው የተመለስሽው?"

"አዎ።"

"እህሉ አልደረቀም ያልሽኝስ?"

"እህሉስ ደርቆ ነበር።"

"ብትነግሪኝ እኮ መልሼ እሸጣቸው ነበር" አለ ዳና።

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልነገርኩህ" አለችው። "ሰው ጎማ ገዝቶ ሰጥቶኝ አያውቅም። ደግሞ ጭቃው ውስጥ አንተ ልክ ነህ፤ ዳገቱ ላይ ነው መላ ያጣነው፤ አሁን መላ አገኘንለት።"

ዳና የሥራ ካፖርቱን አውልቆ መኪናዋ ሥር ገባና ለፈሀድ መብራት ይይዝለት ጀመር። ፈሀድ እንደሚለው ከዚያ በኋላ ሥራው በእጥፍ ዘገየ፤ ምክንያቱም ባልና ሚስቱ መኪና ሥር ተኝተው ይሳሳቁ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ የዳና ፈቃድ ደረሰ። የኦቦ ነገዎ ስንዴ የሚወቃ ዕለት እኔም ከቢሮ ፈቃድ ጠይቄ መሃላቸው ተቀመጥኩ። ማሽኑ ከኋላ ታስሯል። ዳገቱ ጀመረ። ድንቅቱ ሁለተኛ ማርሽ አስገባች። ሞተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያዘና ሳይወርድ፣ ሳያቃስት ቀጠለ። ባለፈው የቆመችበትን ኩርባ አለፍን። ጠጠር የጫነ አንድ መኪና ከፊታችን እየተጎተተ ነበር፤ ድንቅቱ መንገዱ እስኪለቀቅላት ጠብቃ በጎኑ አለፈችው። ዳና ከመስኮቱ ወጥቶ ሊያየው ምንም አልቀረውም። ጫፉ ላይ ስንደርስ ድንቅቱ የሙቀት መለኪያውን በጣቷ መታ መታ አደረገችው፤ ቀስቱ ከመሃል ንቅንቅ አላለም።

"ልቁም?" አለች።

"ለምን ትቆሚያለሽ?" አለ ዳና።

ሳትቆም ወደ ሱሉልታ ወረደች።

ዋዜማውን ካፊያ ጥሎ ስለነበር የኦቦ ነገዎ ማሳ መግቢያ ጨቅይቷል። ድንቅቱ የፊቱንም ጎማ አስገባች። ጎማዎቹ አፈሩን እየቆነጠሩ ወደ ኋላ ወረወሩትና ፒክአፗ ማሽኑን ይዛ ቀጥ ብላ ገባች። ክምሩ ዙሪያ የቆሙት ሰዎች አጨበጨቡ፤ አንዲት ሴት እልል አለች። ኦቦ ነገዎ በከዘራቸው ጎማውን ወጋ አድርገው "ይቺ የኔ ብረት ናት የገፋችው" ብለው ለጎረቤቶቻቸው አስረዱ።

ማሽኑ ተነሳ። ዳና በእያንዳንዱ ነዶ ወገቡን እየሰበቀ አጎረሰው፤ በአንድ በኩል ስንዴው እንደ ውሃ ወረደ፣ በሌላው ገለባው ተነነ። ምሳ ሰዓት ላይ ቅንጬና እርጎ ቀረበ። ከዚያ ማሳ ሳንወጣ ከአጎራባች ቀበሌ የመጡ ገበሬዎች ድንቅቱን ከበው ቀን ያስይዟት ጀመር። አንዱ ማሳው ረግረጋማ ስለሆነ እስከዛሬ መኪና ገብቶለት እንደማያውቅ ሲነግራት ድንቅቱ ወደ ባሏ እያመለከተች "ጎማውን የመረጠው እሱ ነው፤ እሱን ጠይቀው" አለችው። ዳና ገለባ በለበሰ ፊቱ እስከ ጆሮው ሳቀ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ቤት ተነሳን። አስፋልቱ ላይ ፈሀድ ያለው ሁሉ ደረሰ፤ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አትራመድም። ሚኒባስ አለፈን፣ አሮጌ ታክሲ አለፈን፣ ቀጥሎ ሰው የሞላ ባጃጅ ጎን ለጎን መጥቶ ተሳፋሪዎቹ እጃቸውን እያውለበለቡልን አለፈን። ዳና ወደ ፍጥነት መለኪያው ጎንበስ ብሎ አየ።

"ሰማንያ ይላል እኮ" አለ።

"ከምሄደው በላይ ነው የሚቆጥረው። ፈሀድ ነግሮኛል" አለች ድንቅቱ። "ዝም በለው፣ እሱም ይደሰት።"

ዳና ከእናቱ የተማረውን የወላይትኛ መዝሙር ማንጎራጎር ጀመረ። ድንቅቱ ቃሉን ባታውቀውም ዜማውን ተቀበለችው። እኔ ከፀጉሬ ገለባ እየለቀምኩ በመስኮት እየጣልኩ፣ የሞተሩ ጩኸት ከመዝሙሩ ጋር እየተደባለቀ፣ ሁሉም እያለፈን ቡራዩ ገባን።